መግቢያው ያላለቀ ደንብ

መግቢያ የሚያበዛ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በየማለዳው በመስታወት አገኘዋለሁ።

ወገዳ ከተማ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች የወል ግጦሻቸውን ዳር ዳሩን የሚያርስ ቢበዛባቸው፣ መተዳደሪያ ደንብ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ነገርን ከሥሩ ማስረዳት አይገባም? ከሰሜን ዋልታ ጀመርኩ። አገሮች እዚያ ባለው የበረዶ ውቅያኖስ መሃል ስላለው ዓሣ በቂ እስኪያውቁ ድረስ ለንግድ ላለማጥመድ መስማማታቸውን፣ ሁለት እሑድ ከቅዳሴ መልስ አብራራሁ። በሦስተኛው እሑድ ሀብትን ሳያሟጥጡ መነገድን፣ ማለትም ዘላቂ ንግድን፣ በሦስት ከፍዬ ስጀምር፣ አያ ታከለ የተባሉ ሽማግሌ ተነሡ።

«መምህር፣ ይኼማ የኛም ሕግ ነው። ሣሩ እንዲደርስ ብለን እስከ መስቀል ከብት አናስገባም። ያጣነው አራሹን የሚያስቆም ወረቀት ነው!»

«እደርስበታለሁ አያ፤ ይቺ መግቢያዋ ናት።»

ከወራት በኋላ አንቀጽ አንድን ጽፌ ስሄድ፣ የግጦሹ ሜዳ ሙሉ ገብስ በቅሎበታል። አያ ታከለ የከሱ በሬዎቻቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል።

«መምህር፣ ያ የበረዶው ባሕር ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«እሰይ! እሱ እንኳ ይትረፍ» ብለው፣ በሬዎቻቸውን አቧራ ወደለበሰው የመንገድ ዳር ሣር ነዱ።