የመሐንዲሱ ጥንቸልና የአያ በላቸው ወተት

[ወረታ፣ የመንገድ ሥራው ሰፈር። ጊዜው ሁዳዴ ነው። የሰፈሩ ጠባቂ ደሴ በሽቦ የተጋረደ የእንጨት ሳጥን ፊት ቁጢጥ ብሏል። ሳጥኑ ውስጥ መሐንዲሱ ትቷት የሄደ ጥንቸል ከነልጆቿ ተኝታለች። ጎረቤቱ አያ በላቸው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከጎኑ ቆመዋል። አያ በላቸው ስለ ሁሉም ነገር የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ይህንንም አገሩ ሁሉ ከእርሳቸው ሰምቷል።]

በላቸው፦ ግልገል አይባልም አልሁህ። ግልገል የበግና የፍየል ነው።

ደሴ፦ ቡችላ ልበለው?

በላቸው፦ ቡችላ የውሻ ነው።

ደሴ፦ ጫጩትስ?

በላቸው፦ ጫጩት ከእንቁላል የወጣ ነው። ይህ ከእንቁላል ነው የወጣ?

ደሴ፦ ስትወልድ አላየኋትም።

በላቸው፦ ጨቅላ ነው የሚባል። ራቁቱን ተወልዶ፣ መቆም ሳይችል በሰው እጅ የሚያድር ሁሉ ጨቅላ ነው። ከእንግዲህ ጨቅላው በል።

ደሴ፦ እሺ። ጨቅላው ሊሞት ነው።

በላቸው፦ የትኛው?

ደሴ፦ ያ ጥግ የያዘው። የሌሎቹ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ የእሱ ቆዳ ተጨማዷል። እናታቸው ጎሕ ሲቀድ መጥታ ጥቂት ታጠባቸውና ዘላ ወደ ሌላው ጥግ ትሄዳለች። ወፍራሞቹ ቀድመው ይይዛሉ። እሱ ጡቱን ሳያገኘው ወተቱ ያልቅበታል። መሐንዲሱ ወደ አሥመራ ሲሄድ ከሁሉ አብልጦ አደራ ያለኝ ደግሞ እሱን ነው። ሴት ልጁ የመረጠችው ትንሹን ነው አሉ።

በላቸው፦ እኔን መጠየቅህ ደግ አደረግህ። የከብት ክትባት የመጣ ጊዜ ሐኪሞቹ ያለ እኔ አንድ በሬ አልወጉም።

ደሴ፦ እርስዎ ቀንድ ይይዙ ነበር።

በላቸው፦ ቀንድ የያዘ ሰው ከብቱን ፊት ለፊት ነው የሚያየው። ሐኪሙ የቆመው ከኋላ ነው።

ደሴ፦ ጥንቸል ግን ቀንድ የለውም።

በላቸው፦ እንግዲያማ ይቀላል። ስማኝ፤ ለዚህ ጨቅላ መድኃኒቱ የላም ወተት ነው።

[ደሴ ቀና ብሎ ያያቸዋል።]

ደሴ፦ ለልጄ የላም ወተት ልሰጠው ነው ብዬ ስነግርዎ ከባድ ነው ብለውኝ አልነበር?

በላቸው፦ የሰው ሆድ ሌላ፣ የጥንቸል ሆድ ሌላ። የላም ወተት የሰውን ጨቅላ ምላሱን ያስረዋል። ለልጅህ የአብሽ ውሃ አዝዣለሁ። አልሰጣችሁትም?

ደሴ፦ ሰጠነው። ይተፋዋል። ሚስቴን አገኘሁሽን ወባው ከጣላት ጀምሮ ጡቷ ነጥፏል፤ ታቅፋው ታለቅሳለች። እሱም ሲያለቅስ ያድር ነበር። አሁን አሁን ድምፁም እየጠፋ ነው።

በላቸው፦ መታገሥ ነው። እኛ አሁን ስለ ጥንቸሉ እናውራ።

[ደሴ ሳጥኑን ያያል።]

ደሴ፦ እሺ። ስለ ጥንቸሉ ይንገሩኝ።

በላቸው፦ ቤቴ ሂድና ጸሐይነሽን ወተት ስጪኝ በላት። ሁዳዴ ነው፤ የሚጠጣው ሰው የለም። ወተቱን አፍላው። የፈላ ውሃ እኩል ጨምርበት። ክንድህ ላይ ጠብ ስታደርገው የማያቃጥልህ ሲሆን፣ ንጹሕ ጥጥ ነክረህ አጥባው። ጥጡን እንዳይውጠው ጫፉን አትልቀቅ። ከጠባ በኋላ ጠቅልለህ ደረትህ ላይ አሙቀው።

ደሴ፦ ምን ያህል ትስጠኝ?

በላቸው፦ አንድ ቅል።

ደሴ፦ ይህ እኮ መዳፌን አይሞላም።

በላቸው፦ የፈረንጅ ጥንቸል ነው። አትከራከረኝ።

ደሴም አልተከራከረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቅሉን ይዞ የአያ በላቸው በር ላይ ይቆማል፤ ጸሐይነሽም ባሏ እየሰማ፣ ቅቤ ይሆን የነበረ ወተት ለአውሬ ሄደ እያለች እያጉረመረመች ትቀዳለታለች። አያ በላቸው በበኩላቸው ሥራ በዝቶባቸዋል። ገበያ ወጥተው፣ የመሐንዲሱን ጥንቸል ከሞት እየመለሱ መሆናቸውን ለከብት ነጋዴው ይነግራሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለቄሱ ይነግራሉ፤ ከአንበሳሜ የመጣ እንግዳ ቢያገኙም እሱንም አያልፉም። መሐንዲሱ ተመልሶ ይህን ሲሰማ ለሰፈሩ እንስሳት ሁሉ ሹም ያደርገኛል የሚል አሳብ አድሮባቸዋል። ሰፈሩ ከጥንቸሎቹና ከአንዲት በቅሎ በቀር እንስሳ የለውም።

[የገበያ ቀን። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙበት፣ ዋርካው ሥር። ሰዎች ተቀምጠዋል። አያ በላቸው መሐል ላይ ናቸው። ደሴ ባዶ ቅል ይዞ ሲያልፍ ያስቆሙታል።]

በላቸው፦ ና ወዲህ። ጨቅላው እንዴት አደረ? ሰዎቹ እንዲሰሙህ ጮክ በል።

ደሴ፦ ደህና አደረ። ሌሊት አንዴ ነው የነቃ።

በላቸው፦ ሲነቃ ምን አደረገ?

ደሴ፦ አለቀሰ።

በላቸው፦ [ወደ ሰዎቹ ዞረው] ጥንቸል ድምፅ የለውም ይባላል። ድምፅ የሚያጣው ሲራብ ነው።

ደሴ፦ እውነት ነው። ሲራብ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

በላቸው፦ ወተቱን ሲጨርስስ?

ደሴ፦ አገሳ።

በላቸው፦ እንደ አንበሳ?

ደሴ፦ እንደ ጠገበ ሰው።

በላቸው፦ የላሜ ወተት ነው። ሌላስ?

ደሴ፦ ጣቴን ጨብጦ አልለቅም አለ።

በላቸው፦ የፈረንጅ አገር ዘር ስለሆነ ነው። እነሱ ሲገናኙ መጨበጥ ይወዳሉ።

ደሴ፦ ትናንት ደግሞ ሳቀልኝ።

በላቸው፦ ሳቅ አይደለም። ጥርስ ያለው እንስሳ ከንፈሩ ሲሸሽ ሳቅ ይመስላል።

ደሴ፦ ጥርስ የለውም።

በላቸው፦ ለዚያ ነው አንተን ሳቅ የመሰለህ። ፀጉሩስ ወጣ?

ደሴ፦ ራሱ ላይ ብቻ።

በላቸው፦ ከላይ ጀምሮ ነው የሚወርድ። ጆሮውስ?

ደሴ፦ የአባቱን ጆሮ ነው የያዘ ይላሉ።

[የራሱን ጆሮ ይዳስሳል። ከተቀመጡት አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።]

በላቸው፦ አባቱን አላየሁትም። ረጅም መሆን አለበት።

ደሴ፦ መካከለኛ ነው።

በላቸው፦ ክብደቱስ ጨመረ?

ደሴ፦ ጉንጩ ሞልቷል። ክንዱ ላይ ሥጋው እየታጠፈ ቀለበት ሠርቷል።

በላቸው፦ [ለሰዎቹ] ሰማችሁ? ቆዳው ተጨማዶ ነው እኔ ዘንድ የመጣ።

ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል መሐንዲሱ ጎንደር ደርሷል፣ ነገ ወረታ ይገባል የሚል ወሬ መጣ። በማግሥቱ በማለዳ አያ በላቸው ገላቸውን ታጥበው፣ የታጠበ ጋቢ ለብሰው ወደ ሰፈሩ ሄዱ። ጥንቸሉን ለመሐንዲሱ በእጃቸው አንሥተው ሊያስረክቡ ቆርጠዋል፤ እስከ ዛሬ ግን ሐኪም በሽተኛውን በመላላክ የሚያክም ይመስል፣ ሳጥኑን ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አላዩትም።

[ሰፈሩ። ደሴ የሳጥኑን በር ይከፍታል። ጥንቸሎቹ ፀጉራቸውን ነፍተው ይዘላሉ።]

በላቸው፦ የእኔ የትኛው ነው?

ደሴ፦ ያ፣ ጎመኑን የያዘው።

በላቸው፦ ይኸማ ዛሬም ከሌሎቹ ያንሳል።

ደሴ፦ አንሶ ነው የተወለደ። ግን ይዘላል፣ ይበላል። ደህና ነው።

በላቸው፦ [ጥንቸሉን አንሥተው ያገላብጡታል] ክንዱ ላይ ቀለበት ሠርቷል አላልኸኝም?

ደሴ፦ ብያለሁ።

በላቸው፦ ታዲያ የታል ቀለበቱ?

ደሴ፦ ቤት ነው።

በላቸው፦ ጥንቸሉ እዚህ ሆኖ ቀለበቱ ቤት?

[ደሴ ጥንቸሉን ከእጃቸው ተቀብሎ ወደ ሳጥኑ ይመልሰዋል። በሩን ይዘጋል።]

ደሴ፦ አያ በላቸው፣ ጨቅላው እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁኝ አንድም ቀን አልዋሸሁዎትም። ያለቀሰውም፣ የሳቀውም፣ ጣቴን የያዘውም ልጄ ነው።

በላቸው፦ ወተቱስ?

ደሴ፦ እሱ ጠጣው። እንዳሉኝ አፍልቼ፣ ውሃ እኩል ጨምሬ፣ በጥጥ። ምላሱን ያስረዋል ስላሉኝ የመጀመሪያ ቀን ጥጡን ነክሬ ደጋግሜ መለስሁት። ግን ዝም ብዬ ካየሁት ይሞትብኛል። ሲጠባ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። አገኘሁሽ የሞተ መስሏት ከመደቡ ወደቀች። ጠግቦ ነው የተኛ። ከተወለደ ጠግቦ ሲተኛ አላየነውም ነበርና አላወቅነውም።

[አያ በላቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ጋቢያቸው አቧራ ይነካል፤ አያነሡትም።]

በላቸው፦ እኔ ግን ለጥንቸሉ ነበር የሰጠሁ።

ደሴ፦ ጥንቸሉማ የምታጠባ እናት አለችው። ጠዋት ጠዋት ወፍራሞቹን በቅርጫት አወጣና እሱን ብቻውን እናቱ ዘንድ አስቀድመዋለሁ። ጠግቦ ሲለቅ ሌሎቹን እመልሳለሁ።

በላቸው፦ በቃ?

ደሴ፦ በቃ።

አያ በላቸው መጀመሪያ የተናደዱ መሰሉ፤ ቀጥሎ አንድ ነገር እንደሚፈሩ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

በላቸው፦ ምላሱስ?

ደሴ፦ ሲጮህ ከርብ ወንዝ ማዶ ይሰማል።

በላቸው፦ አልታሰረም?

ደሴ፦ ቢታሰርማ ጎረቤት በተኛ።

[አያ በላቸው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ቀስ ብለው ይነሡና አቧራቸውን ያራግፋሉ። ፊታቸው እንደ ድሮው ይሆናል።]

በላቸው፦ እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ውሃውን ቀንስለት። ወተቱ ሁለት እጅ፣ ውሃው አንድ እጅ ይሁን። ሆዱ ለምዷል።

ደሴ፦ እሺ። ጸሐይነሽ ዘንድ ስሄድ ለማን ነው ልበላት?

በላቸው፦ ለጥንቸሉ ነው በላት። ለሰው ልጅ ከባድ ነው እያልሁ ቤቱን ሁሉ ሳስተምር ከርሜ አሁን ምን እላታለሁ?

ደሴ፦ እሷስ ታውቃለች።

በላቸው፦ ምኑን?

ደሴ፦ ለልጄ መሆኑን። የመጀመሪያ ቀን በርዎ ላይ ቆሜ ጥንቸል ማለት አቃተኝ። እውነቱን ነገርኋት። ለአገኘሁሽም አጥሚት ትልክላት ነበር።

በላቸው፦ ለእኔ ግን ስለ ቅቤው ታጉረመርም ነበር።

ደሴ፦ አዎ። ደህና አድርጋ ነው የምታጉረመርመው።

በላቸው፦ ሌላ የሚያውቅ አለ?

ደሴ፦ ቄሱ ያውቃሉ። ዋርካው ሥር የነበሩትም ያውቃሉ። የአንበሳሜው ሰውዬ እንኳ ሲመለስ ለልጁ ዶሮ ጥሎልን ነው የሄደ።

[አያ በላቸው ጥንቸሎቹን ያያሉ። ጥንቸሎቹ ጎመናቸውን ያኝካሉ።]

በላቸው፦ ታዲያ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ?

[ደሴ ያስባል።]

ደሴ፦ የለም፣ አያ በላቸው። መሐንዲሱም ገና አልሰማም።