ሃያ ይሁን ሃያ አምስት?

በዚህ ዓለም ዕቃ የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ዕቃ የሚመርጡ ሰዎችም አሉ። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። "መራጭ ይወድቃል ከምራጭ" ይባላል፤ የእኛ ሰፈር፣ የአስመራው ቪላጆ ጀኒዮ፣ መራጭ ግን ለመውደቅ እንኳ አልደረሱም፣ ገና እየመረጡ ነው።

ክቡር አቶ ፍረዘጊ፣ ጡረተኛ ሰዓት ሠሪና የሰፈራችን ሰማይ ዋና ተቆጣጣሪ፣ አንድ ጣሊያን አገሩ ሲገባ የሸጠላቸው ትንሽ ቴሌስኮፕ አላቸው። ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት "ይቺ ደክማለች፤ ትልቅ ያስፈልገኛል" አሉ። ሌንስም መስታወትም ያለውን፣ ቱቦው አጭር አፉ ሰፊ የሆነውን ዓይነት መረጡ። እስከዚህ ሰላም ነበር። ጣጣው የአፉ ስፋት ነው፤ ሃያ ሳንቲሜትር ይሁን ሃያ አምስት?

በዚህ ጥያቄ የተነሳ ድስቶቼ ክዳን አጡ። ጎረቤቴ ናቸውና ማስመሪያ ይዘው ማድቤቴ ይመጡና አንዱን ክዳን ወደ መስኮቱ ያነሳሉ።

"ብርሃን የሚሰበስበው ይሄ ነው፣ ስመኝ ጓለይ! ግን ሃያ አምስቱን ማን ሰገነት ላይ ያወጣዋል?"

"ሃያውን ይግዙትና ይገላግሉን!"

"ኣይፋል! ችኮላ ሰዓት ይሰብራል።"

ወጤ ይተናል።

"ጓለይ"፣ ልጄ፣ እና "ኣይፋል"፣ የለም፣ ከማለታቸው በቀር ከእኔ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ነው። በሰማንያ ሦስት የአገሬ ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ እኔ አስመሬውን ባሌን ብዬ ቀረሁ፤ መንገድ ላይ በቋንቋዬ የሚያናግረኝ ጠፋ። እሳቸው ብቻ፣ እየተደናቀፉም ቢሆን፣ አልተዉኝም። በትግርኛ ወርም ጨረቃም "ወርሒ" ስለሆነች፣ ጨረቃን "ወር" ይሏታል። "ዛሬ ወሯ ሞልታለች" ሲሉኝ ደመወዝ የደረሰ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ አመሻሽ ላይ ሰገነታቸው ላይ ጠሩኝ። ሻሂ ሲቀዱልኝ ግማሹ ከብርጭቆው ውጪ ፈሰሰ፤ አላወቁም።

"እስኪ እዪልኝ፣ ጓለይ። ወሯ ጭጋግ ሆናብኛለች። ይቺ ቴሌስኮፕ አበቃላት አይደል?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጉድ! ጨረቃ ከነጉድጓዷ፣ ከነጠባሳዋ ጥርት ብላ ትታያለች። የደከመችው ቴሌስኮፗ አይደለችም። የሰዓት ጥርስ ሲቆጥሩ የኖሩት ዓይኖች ናቸው። ቀና ስል መልሴን እየጠበቁ ነው፤ ፊታቸውን ያዞሩት ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባዶው ወንበር ነበር።

"እውነትዎን ነው" አልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። "ለእኔም ጭጋግ ነው። ትልቁን እንዘዝ፣ ሃያ አምስቱን። እኔ ተሸክሜ አወጣዋለሁ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከሩም።

"መቼ ይደርሳል?"

"ከውጭ ስለሚመጣ ሦስት ወር ይፈጃል።"

በእጃቸው ትከሻዬን ፈልገው አገኙትና ፈገግ አሉ።

"ሦስት ወር ምን ያደርግልኛል፣ ጓለይ? እኔ ማየት የፈለግኩት አንዷን ወር ብቻ ነው።"