እትዬ ካሣነሽ ዓሣ ያስጾሙ ሰሞን

«ጠግቤያለሁ» የሚለውን ቃል የማይሰማ ጆሮ የሌለበት ከተማ በምድር ላይ የለም። ያ ጆሮ ሌላውን ሁሉ ይሰማል፤ የጎረቤት ሹክሹክታ፣ የሩቅ አውቶቡስ ጥሩምባ፣ የድስት መክደኛ ሲንቀጠቀጥ አያመልጠውም። «ጠግቤያለሁ» ሲባል ግን ድንጋይ ነው።

የንፋስ መውጫ ከተማው ጆሮ የክብርት እትዬ ካሣነሽ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ስምንት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት አላቸው። ልብስ ሰፊዋ ጌጤ ግድግዳ ተጋሪያቸው ስለሆነች ከማንም በላይ የተጎዳችው እሷ ናት። ጥርሷን ባስነቀለች ቀን ጉንጯን ደግፋ ስታልፍ ጠርተው አስቀመጧት። አፌ አይከፈትም ብላ በእጇ ብታመለክት፣ «በዚህኛው በኩል አኝኪያ! በሞቴ! አፈር ስሆን!» አሉ። በዚህኛው በኩል አኘከች።

አንድ ከዞን የመጣ የመሬት ለኪ ደግሞ በልቶ እንዳበቃ ሮጦ አውቶቡስ ውስጥ ገባ። ዳነ ተብሎ ነበር። እትዬ ካሣነሽ ተከትለው በመስኮት አጎረሱት፤ አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላም ሁለተኛዋን አደረሱለት። ሹፌሩም ቅር እንዳይለው ድርሻውን አገኘ።

ጥምቀት ባለፈ ማግስት ልጃቸው ሀና ለሥልጠና ባሕር ዳር ስትሄድ፣ የመስታወት ሣጥኗን ከነወርቅማ ዓሣዋ ምግብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። «እማዬ፣ አደራ። በቀን አንዴ፣ በጥፍርሽ ጫፍ ብቻ» ብላ ሄደች።

ዓሣ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውል ፍጥረት ነው። ለመተንፈስ ነው ይባላል። ይህን ለእትዬ ካሣነሽ ማን ያስረዳል? «ይኸው፣ ራበኝ እያለ!» አሉ። የሰሙ ደንበኞችም አዘኑለት። ዳቦ ፈረፈሩለት፤ ቂንጬ ጣሉለት፤ አንድ የስማዳ ሽማግሌ ቆሎ አኝከው አድቅቀው ሰጡት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዓሣው ሎሚ አከለ። አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፍፎ አገኙት። መተንፈሱን ይተነፍሳል።

ባጃጅ ነጂው ክንዱ ጎንበስ ብሎ አየው። «እትዬ፣ ነፍስ ይማር። ሳይበላሽ ብንጠብሰው ምን ይመስልዎታል?»

«አንተን ነው የምጠብስ! ከዚህ ቤት ገብቶ የሞተብኝ እንግዳ የለም፤ በዓሣ አልጀምርም!»

ነገሩ በስልክ የተነገራት ሀና ዓሣ የሚሸጥ ሰው ጠይቃ መልሳ ደወለች። እትዬ ካሣነሽ በስልክ ሲነጋገሩ ድምፁን ለቀው ስለሆነ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

«እማዬ፣ ቁንጣን ነው። በልቶ ነው የታመመ።»

«በልቶ?»

«በልቶ! ሦስት ቀን ምንም እንዳትሰጪው። በአራተኛው ቀን አተር ቀቅለሽ፣ ልጣጩን አንስተሽ፣ ፍርክስ አድርገሽ ስጪው።»

«ስንት ቁና?»

«አንዲት ፍሬ!»

እትዬ ካሣነሽ ስልኩን አስቀምጠው ተቀመጡ። በዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመብል የታመመ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም፤ የታመመ ቢኖርም ለመናገር ፋታ አላገኘም። «ሕመምተኛ በረሃብ ልግደል?» አሉ ቀስ ብለው።

ጥግ ላይ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ተቀምጠው ነበር፤ ከቤተ ልሔም ድጓ ቤት ለጉዳይ የመጡ ናቸው። «ካሣነሽ፣ ነገ ምንድን ነው የሚገባው?»

«ጾመ ነነዌ ነዋ፣ የኔታ።»

«በነነዌ እንኳን ሰው፣ ከብቱም በጉም ጾሟል። ዮናስን የዋጠው ዓሣ አንበሪስ ቢሆን? ሦስት ቀን ሙሉ አፉ የገባለትን ሳይበላ አሳደረ። ያንቺው ከዘመዱ ምን አሳነሰው?»

ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ካሣነሽ በባልዲ ያደረ ውኃ ለብ አድርገው ግማሹን ቀየሩለት። የከተማው ብርድ እንዳይመታው ሣጥኑን በራሳቸው ጋቢ ጠቀለሉት፤ የመዳፍ ስፋት ያህል ብቻ ክፍት ተዉ። ከዚያ ማማሰያ ይዘው በር እንደሚጠብቅ ዘበኛ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«አንዲት ፍርፋሪ ብቻ፣ እትዬ፣ ያሳዝናል!» ይላል የገባ ሁሉ።

«እምቢ!»

ወሬው ገበያ ደረሰ። «ካሣነሽ ምግብ ከለከለች አሉ!» «የትኛዋ ካሣነሽ?» «ያችው!» «ወይ ጨካኝ!»

ማክሰኞ ጌጤ ለካውያዋ ፍም ልትወስድ ብቅ ስትል ቤቱ ባዶ ነው። እትዬ ካሣነሽ ብቻቸውን ውኃው ላይ አጎንብሰዋል፤ በሁለት ጣታቸው መካከል ፍርፋሪ ይዘዋል። ዓሣው ተገልብጦ እንዳለ አፉን ከፈት፣ ዘጋ፣ ከፈት ያደርጋል። «አትየኝ» ይሉታል። «አትየኝ አልኩህ! ጠልቼህ መሰለህ?» ፍርፋሪውን በመስኮት ለዶሮዎቹ ወረወሩና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጌጤ ፍሙን ሳትጠይቅ ተመለሰች።

ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በጋቢው ክፍተት ዳቦ ሊጥል ሲል ተያዘ። እትዬ ካሣነሽ ሽሮውን ከነእንጀራው ከፊቱ አነሱ። በዚያ ቤት ባዶ ያልሆነ ሳሕን ሲነሳ ይህ የመጀመሪያው ነው። የስምንቱም ጠረጴዛ ሰው የየራሱን ሳሕን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ሐሙስ ጠዋት ከእስቴ ከመጣ አተር አንድ ሰፌድ ዘርግተው እንከን የሌላትን አንዲት ፍሬ መረጡ። ትንሽ ድስት ስለሌላቸው ለሠላሳ ሰው በሚበቃው ቀቀሏት። ልጣጯን አነሱ፣ በጥፍራቸው አራት ቦታ ከፈሏትና አንድ በአንድ ለቀቁለት።

ዓሣው ተንገዳገደ። በጎኑ ተኛ። ቀና አለ። አተሯን ጎረሰ፣ ተፋት፣ ደግሞ ጎረሳት፤ ዋጣትም። ሦስቱን ከጨረሰ በኋላ ጅራቱን አዙሮ ወደ ታች ወረደ። አራተኛዋን አላያትም።

ከጌጤ ጋር ቆሞ ሲያይ የነበረው ክንዱ ማጨብጨብ ጀመረ። እትዬ ካሣነሽ ግን «ዝም በል!» ብለው አራተኛዋን ቁራጭ ከውኃው በማንኪያ አወጡ። አፋቸው «ድገም» ሊል ሲል በመዳፋቸው ያዙት። «አየሽ ጌጤ፣ ሲጠግብ ይተዋል» አሉ፤ ዓለም የተፈጠረችበትን ምስጢር ያገኙ መስለው።

ጌጤ ረፋዱን ሙሉ ደስ ብሏት ቆየች። ሠላሳ ዓመት የተጠበቀው ነፃነት ገባ ማለት ነው። ምሳ ሰዓት ሄዳ ጥብሷን እስከ እኩሌታ በላችና፣ ለሙከራ፣ በለሆሳስ «ጠግቤያለሁ» አለች።

እትዬ ካሣነሽ ሰሟት። «እሺ ልጄ» ብለው ሳሕኑን አነሱት።

ጌጤ ባዶውን ጠረጴዛ አየች። ሆዷ ሞልቷል፤ ነገር ግን አንድ ሰው እቤቱ በር ላይ የረሳት ያህል ተሰማት። በዕድሜዋ ጮኻ የማታውቀው ጌጤ ብድግ አለች።

«ይመልሱ!»

«ጠግቤያለሁ አላልሽም?»

«ብልስ? እኔ ዓሣ ነኝ?» አለችና ሳሕኑን ነጥቃ፣ ተቀምጣ፣ አፏን ከፈተች።