ካላንደሩ «ክፍት» ያለኝ ቀን

ጥፋት ማለት ያለ ፈቃድ የተሠራ ስህተት ነው። በፈቃድ ከተሠራ «አሠራር» ይባላል። ይህን የምለው ቢሮዎችን ለማማት አይደለም፤ ባለፈው ማክሰኞ በገዛ እጄ ስላረጋገጥኩት ነው።

አቃቂ ባለ አንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። «ባለሙያዎች ነን» ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ጣቱን አስነክቶ የሚያልፍበት የሚሽከረከር የብረት በር አለን። አሻራውን የሚለየው ሲስተም የተቀመጠው ደግሞ ግቢው ውስጥ ሳይሆን ክላውድ ላይ ነው። ክላውድ የት ነው እንዳትሉኝ... የበሩ ጥበቃ ጋሽ ቶሎሳ አንድ ቀን ጠይቀውኝ፣ ውጭ አገር ያለ የሰው ኮምፒውተር ነው ብላቸው፣ ታዲያ የእኛ ጣት ምን ያደርግለታል ብለው አፌን አስይዘውኛል።

አምና ለማንም ሳልናገር አንድ ማሻሻያ ጭኜ ሲስተሙ ግማሽ ቀን ተኛ። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሰብለ ወዲያው ሕግ አወጡ፤ ከዚህ በኋላ ካላንደር ሳይጠየቅ ሲስተም አይነካም። ካላንደሩም ያው ክላውድ ላይ ነው። ሲስተሙ መነካት የሌለበት ሰዓት ይመዘገብበታል። እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ እጽፋለሁ፤ እሱም በአንዲት ቃል ይመልስልኛል፤ «ክፍት» ወይም «ዝግ»። ክፍት ካለ እሠራለሁ፤ ዝግ ካለ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። እውነቱን ልንገራችሁና ወድጄው ነበር። በአንዲት ቃል የሚመልስ አለቃ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የበሩን ሲስተም ያፈጥናል የተባለ ማሻሻያ ልጭን ተቀመጥኩ። ካላንደሩን ጠየቅኩት። «ክፍት» አለኝ። ስምንት ሰዓት ፈረቃ የሚቀየርበት ሰዓት መሆኑን ልቤ አላጣውም። ግን ካላንደሩ ክፍት ካለ እኔ ማን ነኝ? ጫንኩት።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ቶሎሳ ደውለው ና ውረድ አሉኝ። ወረድኩ። የብረቱ በር ድርቅ ብሏል። የጠዋቱ ፈረቃ ከውስጥ፣ የከሰዓቱ ከውጭ ሆነው በፍርግርጉ ይተያያሉ። ሰርቪሶቹ ሞተራቸውን አስነስተው ቆመዋል። ማሻሻያው መሀል መንገድ ላይ ስለደረሰ መመለስ አይቻልም፤ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው።

ከውስጥ ከቆሙት መሀል መሠረት የምትባል የሽመና ሠራተኛ አለች። ከሥራ በኋላ ሳሪስ ኮሌጅ ትማራለች። የመጀመሪያው ፈተና በፈረቃ ምክንያት አምልጧት፣ በስንት ልመና ማካካሻ ተፈቅዶላታል። ፈተናው የዚያኑ ዕለት አስር ሰዓት ላይ ነው። ሌላ ዕድል እንደማይሰጧት ነግረዋታል። ተጠግታ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ። አምስት ደቂቃ አልኳት። በእኛ ሙያ አምስት ደቂቃ የጊዜ መለኪያ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ከብረቱ በር ጎን የጭነት መኪና መግቢያ አለ። ቁልፉ ጋሽ ቶሎሳ ኪስ ውስጥ ነው፤ ግን ያለ ሥራ አስኪያጅ ፊርማ ሰው በዚያ አያልፍም። ወይዘሮ ሰብለ መጡ። መጀመሪያ የጠየቁኝ በሩ መቼ እንደሚከፈት ሳይሆን ካላንደሩን ጠይቄ እንደሆነ ነበር። የስክሪኑን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ክፍት ይላል። ፊታቸው ፈታ አለ።

«ስለዚህ ጥፋት የለም» አሉ።

«ጥፋት ከሌለ ታዲያ እኛ ለምን ታሰርን?» አለች መሠረት። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ጋሽ ቶሎሳ ፊርማም ሳይጠብቁ፣ ማንንም ሳያዩ፣ ቁልፋቸውን አውጥተው የመኪናውን መግቢያ ከፈቱት። ከዚያ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ደፉ ላይ ቆሙና የሚያልፈውን ሁሉ ይመዘግቡ ጀመር። ስምህ ማነው ያሉት አንድም ሰው የለም። ሲስተሙ አሻራቸውን ገና ያልለመደላቸውን አዲስ ገቢዎች እንኳ ከነአባታቸው ስም ጻፏቸው። ወይዘሮ ሰብለ ይህን ሲያዩ ቆይተው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ሠራተኛው መሠረትን አስቀድሞ አሳለፋት፤ እየሮጠች የሳሪስ ታክሲ ላይ ተሰቀለች። የፈተናው ክፍል በር ሊዘጋ ሲል ደርሳ መፈተኗን በማግስቱ ሰማሁ።

ቢሮዬ ተመልሼ ካላንደሩን ገለጥኩት። ፈረቃ የሚቀየርበትን ሰዓት የሰው ኃይል ክፍል በወረቀት ጽፎ የሰጠኝ አምና ነበር፤ «ከስምንት እስከ ዘጠኝ ዝግ ይሁን» ይላል። እኔም ስምንት ብዬ አስገብቻለሁ። ካላንደሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእሱ ስምንት የእኛ የጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ከምሳ በኋላ ምንም ነካክቼ ስለማላውቅ አልታወቀም እንጂ፣ ያን ያህል ጊዜ ማንም ያልነካውን ሰዓት ሲጠብቅ ኖሯል።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። የመሠረት ጥያቄ አላስችል ብሎኝ ገብቼ ለወይዘሮ ሰብለ ነገርኳቸው። እሳቸውም ነገ በጠዋት እንዳስተካክለው፣ ግን በሥርዓቱ እንዲሆን አዘዙኝ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ገባሁ። ካላንደሩን ማስተካከልም ለውጥ ነው፤ ለውጥ ደግሞ ካላንደሩ ሳይጠየቅ አይሠራም። ጠየቅኩት። «ዝግ» አለኝ።

ጋሽ ቶሎሳ የትናንቱን ስሞች ሲስተሙ ውስጥ እንዳስገባላቸው ደብተሩን ይዘው ሲመጡ፣ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ አገኙኝ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ካላንደሩ እስኪከፈት ነው ጋሼ። እስከ ሦስት ሰዓት ዝግ ነው።»

«ማን ዘጋው?»

«እኔ።»

ደብተሩን ቀስ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«እንግዲህ ለራስህ ስትፈቅድ ጥራኝ» ብለውኝ ወጡ።