ዶሮዋ ያልለቀመችው ቁጥር

ትናንት ሊነጋጋ ሲል ሕልም አየሁ፤ ብቻ በቸር ይፍታው። ክሊኒክ ሄጄ ነው። ሐኪሞቹ ጫማቸውን አውልቀው አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ በሽተኞቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ይቆጧቸዋል። አንዲት አሮጊት ዋናውን ዶክተር «ምላስህን አውጣ!» አለችው። እሱም እንደ ሕፃን አወጣ።

እኔ ባለቤቴን ቸኮልን አዝያለሁ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በሕልሜ ግን ከነባርኔጣው ሕፃን አክሏል።

ግቢው መሃል በጠምዛዛ ቅንፍ የታጠረ አውድማ አለ። ጄሰን ይሉታል። ስሙን የማውቀው ከልጄ ከናሁሰናይ ነው፤ ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነው። የአባቱን ስኳር ጠዋት ጠዋት እየለካሁ በስልክ እጽፍለታለሁ። እሱ የሠራው ፕሮግራም ደግሞ የጻፍኩት ከሚጠራቀምበት ከዚያ ጄሰን ከሚሉት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ቁጥር ቁጥሩን ለቅሞ፣ ደምሮ፣ አካፍሎ አማካዩን ለሐኪሙ ይልካል። የኢንሱሊን መርፌው የሚጨመረውም የሚቀነሰውም በዚያ አማካይ ነው። ቃል ካገኘ ግን ዘሎ እንደሚያልፍ የነገረኝ ከሕልሙ በፊት ማታ ነው። ያኔ እውነቱን ልነግረው ስል አፌን ያዘኝ።

አውድማው ላይ መነጽር ያደረገች ዶሮ ትለቅማለች። መቶ ስምንት፣ ጠቅ። መቶ ሠላሳ፣ ጠቅ። አጥሩ ሥር ነጠላ የተከናነቡ ስድስት ሰዎች የሚመስሉ ቆመዋል። ቀረብ ብዬ ሳያቸው የገዛ ጽሑፌ ናቸው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ውሃ ውሃ ባለ ቀን ቁጥሩን ትቼ የጻፍኩት እሱን ነበር። መልእክቱን የሚያዩት ልጆቻችን በየአገሩ ሆነው እንዳይሳቀቁ ብዬ። ምስጋና ደግሞ መቼ ውሸት ይሆናል ብዬ።

የአንዱን ነጠላ ገለጥ ባደርገው ውስጡ ሦስት መቶ አርባ ቁጭ ብሏል።

«እሜቴ ዶሮ፣ ይሄን እኮ ረሳሽው» አልኳት።

«ቃል ነው። ቃል አልበላም።»

«ኧረ ውስጡ ቁጥር አለ!»

«ታዲያ ማን አለበሰው?»

ነጠላውን ቶሎ መልሼ ሸፈንኩት።

የተለቀሙት ቁጥሮች ተሰለፉ። ረጅሙ ጎንበስ እያለ፣ አጭሩ እየተንጠራራ ሁሉም እኩል ሆኑ። ዶሮዋ «መቶ ሃያ ሁለት! ቸኮል ድኗል!» ብላ ጮኸች። ሐኪሞቹ ከአልጋ ዘለው እልልታውን አቀለጡት። «ደብቄ ነው! ኧረ አልዳነም!» ልል አፌን ስከፍት የሚወጣው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ሆነ። ሰዉም «አሜን» ይለኛል። ቸኮል ጀርባዬ ላይ እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄደ። ዳበስ ባደርገው ማዘያው ባዶ ነው።

ባንኜ ተነሳሁ። አማተብኩ። ፀሐይ ወጥታለች፤ ቸኮል አጠገቤ የለም። ዘልዬ ብወጣ ለባብሶ ሳሎን ቆሟል፤ ፊቱ በርቷል።

«ልጅሽ ደውሎ ነበር» አለኝ። «ሐኪሙ አማካዩን አይቶ መርፌውን በግማሽ ይቀንስ ብሏል። እኔም ቀንሼ ተወጋሁ።»

«ቸኮል፣ ስማኝማ...»

«ትነግሪኛለሽ፤ መጀመሪያ ውሃ።» ጆጉን ሙሉ ቆሞ ጨለጠና መልሶ ዘረጋልኝ። «ድገሚኝ እስቲ። ከነጋ ሦስተኛዬ ነው፤ ጉሮሮዬ አልረጥብ አለኝ።»