የስንሻው የክርስትና ስም

ትናንት ማታ እንቅልፍ እንደወሰደኝ በሕልሜ እንግሊዝ አገር ገባሁ። ፓስፖርት የጠየቀኝ የለም። እንዲያውም ድንበር ጠባቂዎቹ ተሰልፈው እንዳስገባቸው እኔኑ ይለምኑኝ ነበር። «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ልጆች አሉን» አሉኝ። ዐፍሬ፣ አንገቴን ደፍቼ አለፍኳቸው።

የሄድኩት ለወንድሜ ለስንሻው ነው። ስንሻው እዚያ አገር በአንድ የዶሮ እርባታ ሲሠራ ታሞ ሞተ። የመንደሩ ሰዎች በአሮጌ ቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ቀበሩት፤ ለቤተ ክርስቲያኑ አበባ የምታዘጋጅ አንዲት ሴትዮም የቦታውን ፎቶ በስልክ ላከችልን። ሲነጋ አርባ ቀኑ ነበር። የንስሐ አባታችን አባ ኅሩይ ግን፣ «ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስሙ ነው። ስሙን ካላመጣችሁ ማን ብዬ ልጥራው?» ብለውናል። ስሙን የምታውቀው እናታችን ነበረች፤ እሷ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። የክርስትና አባቱም የለም። ስለዚህ ራሱን ልጠይቀው ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ፎቶው ላይ እንዳየሁት የድንጋይ ነው። የደወሉ ግንብ ግን ወደ ላይ መቆሙ ቀርቶ እንደ ውኃ ጉድጓድ ወደ ታች ወርዷል። ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ። ስምንት ደወሎች ገመድ ይዘው ስምንት ሰዎችን በየተራ ይስባሉ፤ የተሳበው ሰው «ዷ!» ብሎ ይጮኻል። አንድ ሽማግሌ ያለ ተራው ጮኸና ደወሎቹ ተቆጡት።

ግቢው ውስጥ በጎች መቀስ ይዘው ምእመናኑን ይሸልታሉ።

«ተረኛ!» አለች አንዲት በግ እኔን እያየች።

«እኔ የመጣሁት ለመቃብር ነው» አልኳት።

«ሟች ነህ ወይስ ቋሚ?»

«ቋሚ።»

«ቋሚዎች ከሣሩ በታች ናቸው። እንዳትረግጣቸው።»

እውነትም በሕይወት ያሉት ሰዎች በየመቃብሩ ተጋድመው ስልካቸውን ይነካካሉ፤ ሙታኑ ከላይ ይመላለሳሉ። ወዲያው ጥሩምባ ተነፋ። «የዕድራችን አባል የአቶ ቶማስ የልጅ ልጅ ልጅ ዛሬ ጠዋት ተወልዷል! ውጡ!» ሙታኑ ተሯሩጠው በመቃብሮቹ መካከል ድንኳን ተከሉ። እኔም እንደ ደንቡ ገብቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ፀጉሩ ላይ ነጭ ዱቄት የነሰነሰ ሰውዬ ነበር፤ የዕድሩ ዳኛ እሱ ነው።

«ምን ሆኖ ተወለደ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ምንም አልሆነ። ደህና ነበር። ትናንት አብረን አመሸን።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

«አሜን። ሰማንያ ዓመት ይኖራል አሉ።»

«ወይኔ ልጄን! ሰማንያ!» ብላ አንዲት አሮጊት ደረቷን ደቃች።

ልቅሶው ጋብ ሲል ጉዳዬን ለዳኛው ነገርኩት። ትልቅ መዝገብ ከጉያው አወጣ።

«ወንድምህ ማን ይባላል?»

«ስንሻው ደረሰ።»

«ይኼ እታች ያሉት የሚጠሩበት ስም ነው። እኛ ዘንድ የሚሠራው የክርስትና ስም ነው።»

«እሱን እኮ ነው ልጠይቀው የመጣሁት።»

«እሱን ለማስጠራት ስሙን ታመጣለህ።»

«ስሙን የሚያውቀው እሱ ነው።»

«እንግዲያው እሱን ይዘህ ና» አለና መዝገቡን ዘጋ።

ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ነገር ግን ሌላ መላ አልነበረኝም። ድንኳኑ መካከል ቆሜ የማውቀውን የክርስትና ስም ሁሉ መጥራት ጀመርኩ።

«ወልደ ማርያም!»

«አቤት!» አለ አንድ ጫማው ላይ ዘለበት ያለው እንግሊዛዊ ባላገር። እየሮጠ መጣ።

«አንተ ወልደ ማርያም ነህ?»

«አይደለሁም። ግን ሦስት መቶ ዓመት የጠራኝ የለም። ድንጋዬ ላይ የተጻፈውን ዝናብ አጥቦ ጨረሰው። ልሁንልህ?»

«እኔ ወንድሜን ነው የምፈልገው።»

«ወንድምም እሆናለሁ» አለ፤ ዐይኑ እንባ ሞልቷል።

«ገብረ ሥላሴ!» ስል አንዲት ልጃገረድ «አቤት!» አለች። «ኃይለ ሚካኤል!» ስል ዐሥር ሰው ተነሣ። ከዚያ በኋላ ስም መጥራት እንኳ አላስፈለገኝም። ሙታኑ ሁሉ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» እያሉ ከበቡኝ። ኮቴን ይጎትታሉ፤ አንዱ ሌላውን ይገፋል። ዳኛውም መዝገቡን ጥሎ «አንድ ጊዜ ብቻ ጥራኝ፣ በፈለግከው ስም» ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። ለሁሉም የሚሆን ስም ከየት ላመጣ?

ያልተነሣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ፣ በድንጋዩ መቀመጫ ጥግ፣ የዶሮ እርባታውን ነጭ ቱታ እንደለበሰ ተቀምጧል። ሙታኑን ጥሼ ሮጥኩ።

«ስንሻው!»

«ማንን ነው?» አለና ዞር አለ። ትንሽ አየኝ። «አስማረ! አንተ ዐይን አፋር፣ ባሕር ተሻግረህ መጣህ? ማን ፈቀደልህ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ የድሮው ሳቁ ነበር።

«ውጭ ምን ታደርጋለህ? ለምን አትገባም?»

«በር ላይ ስም ይጠይቃሉ።»

«ንገራቸዋ!»

«ረሳሁት። እማዬ ነበረች በዚያ ስም የምትጠራኝ፤ ያውም ትንሽ ሆኜ፣ ሲያመኝ ሲያመኝ። አንተ ይዘህልኝ ትመጣለህ ብዬ እኮ ነው ይኼን ሁሉ ቀን እዚህ የተቀመጥኩት።»

እሱ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ጠበቀኝ፤ እንደ ልጅነታችን፣ ቆሎ እንዳካፍለው ሲፈልግ እንደሚያደርገው።

«አመጣህልኝ?» አለ።

አላመጣሁም ልለው አፌን ብከፍት «ዷ!» የሚል ድምፅ ብቻ ወጣኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ «ዷ!» አልኩ። ስንሻው እጆቹን ሰበሰበ።

«እሺ፣ ግድ የለም» አለና አጠገቡ እንድቀመጥ ጠጋ አለልኝ። «ይበርዳል ግን። ድንጋዩ በጣም ይበርዳል...»

አክስቴ የሺመቤት ትከሻዬን ይዛ እየነቀነቀችኝ ነበር።

«ተነሥ እንጂ አስማረ፣ ሰው ሊመጣ ነው።»

ፀሐይዋ ወጥታለች። አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ገና አላወለቀችም።

«ፍትሐቱስ?» ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ።

«ተደርሶ አለቀ። ሁለት ቀን ዐይንህን አልከደንክም፤ ትንሽ ይረፍ ብዬ ተውኩህ።»

«በማን ስም?»

የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

«አክስቴ፣ በማን ስም?»

«አባ ኅሩይ ‹ስም!› ብለው ቆሙ። ዲያቆናቱ ያዩኛል፣ ሰዉ ያየኛል። ምን ላድርግ ልጄ? የእሱን ከየት ላምጣው? ያንተን ግን አውቀዋለሁ፤ ክርስትና ስትነሣ ነበርኩ። የአንድ ማሕፀን ልጆች ናቸው፣ እግዜር አያጣውም ብዬ ያንተን ሰጠኋቸው።»

አልጋው ላይ መልሼ ቁጭ አልኩ። አክስቴ የከበዳትን ከተናገረች በኋላ ቀለል አላትና ፊቴን ዳበሰችኝ።

«አይዞህ» አለች። «አባ ‹የገብረ ሕይወትን ነፍስ ይማርልን› ሲሉ፣ ሰው እንዴት አድርጎ እንዳለቀሰልህ ብታይ!»