ከኋላ የቆመው ሰው

የገዛ ከተማችሁን የሚያስተምራችሁ እንግዳ የሌለበት አገር ካለ ንገሩኝ፤ ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ትናንት ማታ ደርሶ ዛሬ ጠዋት የሰፈራችሁን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ይተነትንላችኋል። እናንተ እዚያው ተወልዳችሁ እዚያው ሸብታችሁ እንደ ተማሪ ቁጭ ብላችሁ ትሰሙታላችሁ። የሌላው ሰው እንግዳ ደግነቱ ሰንብቶ ይሄዳል። የእኔው ግን አማቼ ነው፤ በየዓመቱ ይመለሳል።

ክቡር ሮስኮ ቲልማን የታናሽ እህቴ የቨርኔል ባል ናቸው። የሚኖሩት አልጋና ወጥ ቤት በተገጠመለት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጸደይ ሲገባና አበባው ሲፈነዳ እህቴንና ልጃቸውን ናዲንን ይዘው ወደ ከተማችን ወደ ሳቫና ይወርዳሉ። ያን የሚያህል አውቶቡስ የሚያቆሙት ደግሞ ከእናታችን ቤት ጎን ባለችው ጠባብ መግቢያ፣ ልክ በእኔ መኝታ ቤት መስኮት ትይዩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ የማየው በእሳቸው በጎ ፈቃድ ነው።

በደረሱ በማግስቱ ትምህርት ይጀመራል። የበረንዳችን ጣሪያ ሰማያዊ ነው። መንፈስ ውሃ መስሎት እንዳይሻገር ተብሎ እናቴ የቀባችው ነው፤ መሰላሉን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ክቡርነታቸው ቀና ብለው አዩትና፣ "ኤልሮይ፣ ይሄ ቀለም ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ታውቃለህ?" አሉኝ። መልሴን አልጠበቁም፤ እስከ ምሳ ሰዓት አስረዱኝ። መንፈስ የሚመልስ ቀለም አማች አለመመለሱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ወንዝ ዳር ይዘውኝ ወረዱና መንገዱ የተነጠፈበት ድንጋይ መርከብ እንዳይገለበጥ ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ መሆኑን ነገሩኝ። አያቴ ዕድሜ ልኩን በዚያ ድንጋይ ላይ ሸክም ሲጎትት ኖሮ ጀርባው ጎብጦ ነው የሞተው። ይህን ብነግራቸው፣ "በጣም ጥሩ፤ ያልኩህን ያረጋግጣል" አሉኝ።

የጽሑፍ ሰሌዳው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ሳቫና አደባባይ የማያልቅባት ከተማ ናት፤ በየአደባባዩ ሐውልት፣ በየሐውልቱ ሥር ጽሑፍ አለ። ሮስኮ ቲልማን አንዱንም አያልፉም። ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ እንደ ሰባኪ ጮክ ብለው፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ያነቡታል። እግሬ ዝሎ እንሂድ ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "ሰው ደክሞ ጽፎታል፤ እንዴት ዝም ብለን እናልፋለን?" አያቴ ወለል ስትወለውል የኖረችበትን ትልቅ ቤት ጽሑፍም እንዲሁ አነበቡልኝ። የባለቤቶቹ ስም በሙሉ አለ፤ የእሷ የለም። የዚያን ቀን እንኳ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?

እኚህ ሁሉን አዋቂ አንድ ነገር ብቻ አያውቁም፦ ከኋላቸው ያለውን። አውቶቡሱን ወደ ኋላ ሲነዱ እህቴ ከኋላ ቆማ በእጇ ምልክት ትሰጣለች። በሁለት እጇ ከጠራች ይመጣሉ፤ መዳፏን ካሳየች ቀስ ይላሉ፤ ሁለት ክንዷን ከራሷ በላይ ካጣመረች ሞተር ይጠፋል። ጎረቤቱ ሁሉ ወንበር አውጥቶ ነው የሚመለከተው። ከእኔ ጋር በሰማዩ ቀለም የሚከራከሩ ሰው ክንዶቿ ሲጣመሩ ለምን ብለው ጠይቀው አያውቁም። "ከኋላ የቆመው ሰው ነው የሚያውቀው" ይላሉ። እኔ ግን በሆዴ፣ አገር ያዩት እሳቸው ናቸው፤ እህቴ ያየችው የአውቶቡሱን የኋላ መብራት ነው እላለሁ።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃኝ። እናታችን ያረፈችው እነሱ አሪዞና በረሃ ውስጥ ሆነው ነው። ቨርኔል የደረሰችው መቃብሩ ላይ ያለው አፈር ከደረቀ በኋላ ነው። ይህን ቂም ይዤበታለሁ፤ የምተወውም አይመስለኝም።

ግን ደግሞ ሐሰት አልጽፍም። ሮስኮ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መቃብሯ ነው። ለየትኛውም ጄኔራል ሐውልት ያላወለቀውን ባርኔጣ እዚያ ያወልቃል። ከዚያ ስሟን፣ የተወለደችበትን፣ ያረፈችበትን፣ ከሥር ያለውን ጥቅስ ሳይቀር ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። ድንጋዩን ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ ጨርሼ ማንበብ ግን ሆኖልኝ አያውቅም። እሱ የሚችለውን እኔ አለመቻሌም ያበግነኛል።

ዘንድሮ ናዲን ማንንም ሳታማክር የሰፈራችን ትምህርት ቤት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ለመግባት ተፈተነችና አለፈች። ትሮምቦን ነው የምትነፋው። ቀይ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ቀርቦ እየበላን ሳለ ተናገረች። ሮስኮ መንገድ የማያስተምረው ነገር እንደሌለ፣ ፍሎሪዳ ላይም ማረፊያ እንደተያዘ ያስረዳ ጀመር።

"አባዬ፣ በስሜ የሚጠራኝ አንድ ጎረቤት እንኳ የለኝም እኮ" አለችው።

ማስረዳቱን ሊቀጥል ሲል ቨርኔል ሹካዋን አስቀመጠች። "ሮስኮ፣ በቃኝ። እኔና ልጄ ከዚህ አንነቃነቅም። አንተ መንገዱ ከበለጠብህ ሂድ።"

እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሮስኮም ባርኔጣውን አንሥቶ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። እኔ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት የለመንኩት ነው።

ጠዋት ሞተሩ ተነሣ፤ አውቶቡሱ ግን አልተነቃነቀም። መውጫው ወደ ኋላ ነው፤ ከኋላ ደግሞ ሰው የለም። ጎረቤቶች ወንበራቸውን ይዘው ወጥተዋል። ናዲን ፎቅ ላይ መስኮት አጠገብ ቆማለች። ወደ ወጥ ቤት ገብቼ ቨርኔልን ባያት ያደረ ሰሐን እያጠበች ነው፤ ዞር ብላም አላየችኝ። የታጠበውንም መልሳ ታጥበው ነበር።

"እኔ ልሸኘው" አልኳት።

ሄጄ እህቴ በምትቆምበት ቦታ ቆምኩ። በሁለት እጄ ጠራሁት፤ መምጣት ጀመረ። በደንብ ነው የጠራሁት፤ ቶሎ ወጥቶ እንዲሄድልኝ። ግማሽ ያህል እንደወጣ ፊቱን በጎን መስታወቱ ውስጥ አየሁት። ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎታል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኑ የሄደው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቤታችን ነው። በረንዳውን፣ መስኮቱን፣ ናዲንን አንድ በአንድ እያነበበ ነበር።

ከኋላው መንገዱ ጭር ብሏል፤ ውሻ እንኳ አልነበረም። ክንዶቼን ከራሴ በላይ አጣመርኩ።

ሞተሩ ጠፋ። ሮስኮ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ምን አለ?"

"ምንም የለም።"

"ታዲያ ለምን አስቆምከኝ?"

"ከኋላ የቆመው ሰው ነው የሚያውቀው ያልከው አንተ አይደለህም?"

ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ከዚያ አውቶቡሱን ወደ ቦታው መለሰው።

ይኸው እስካሁን አለ። ጎማው ተንፍሷል፤ ከሥሩም ሣር በቅሏል። ቨርኔል ገና አላናገረችውም። ማታ ማታ ሰሐኑን በእኔ እጅ፣ "ለሰውየው ስጥልኝ" ብላ ትልክለታለች፤ ደረቅ ብሎ የተጠበሰውን የዓሣ ጅራት፣ እሱ የሚወደውን፣ ከሩዙ ሥር ደብቃ። እኔም በስተርጅና በባልና ሚስት መካከል አመላላሽ ሆንኩ። ናዲን ከአውቶቡሱ ጀርባ ትሮምቦኗን ታስጮሃለች፤ አባቷ ዛሬ ጠዋት ስለ ትሮምቦን አፈጣጠር ሲያስረዳኝ አረፈደ። እኔ በመስኮቴ ፀሐይ ካየሁ ወራት አለፉ።